ባሮ ሲሞላ ምን እንበላለን?



በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ቤት ጤና ነው፤ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ሕፃናት ምግብ። የዛሬው ትምህርታችን ግን የአንድን ከተማ ማዕድ የሚመለከት ነው። ከተማዋ ጋምቤላ ናት። ሌላ ቦታ የምትኖሩ አንባቢያንም «የእኛ ጉዳይ አይደለም» ብላችሁ ገጹን አትለፉት። ጋምቤላ ላይ የደረሰው ነገር በየቆላው እየደረሰ ነው።

ጋምቤላ የምትኖሩ እህቶችና ወንድሞች፣ እስቲ ትናንት ምሳ የበላችሁትን አንድ በአንድ አስቡት። ጤፉ ከየት መጣ? ምስሩስ? ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ዘይቱ? ከሞላ ጎደል ሁሉም በጭነት መኪና ከደጋ የወረደ ነው። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አልፎ፣ ዳገት ቁልቁለቱን ጨርሶ፣ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ወደምትለው ሞቃት ከተማ ይወርዳል። ጤፍ እዚያ ሙቀት ውስጥ አይበቅልም። እኛ ግን ደገኞች ነንና፣ ወይም የደገኛ ልጆች ነንና፣ ከደጋ ስንወርድ ምጣዳችንንና ምርጫችንን ይዘን ወረድን።

አሁን ደግሞ ባሮ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። ዓሣ የሚያጠምድ ወጣት ታያላችሁ። ውሃው በሸሸበት ዳርቻ በቆሎና ማሽላ የዘራች የአኝዋሃ እናት ታያላችሁ። ከድልድዩ ሥር ያለው ምግብና ከድልድዩ በላይ በመኪና የሚያልፈው ምግብ ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ናቸው። የዛሬው ነገራችን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ሳይዘንብ የሚመጣ ጎርፍ

ጋምቤላ ላይ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ምክንያቱም ባሮን የሚሞላው ዝናብ የሚወርደው በኢሉባቦርና በወለጋ ደጋ ላይ ነው። ብርብርና ጌባ የሚባሉት ወንዞች ተገናኝተው ባሮን ይፈጥራሉ። ላይ የወረደው ውሃ ወደ ታች እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲደርስ ግን ተሰብስቦ ነው። ላይ ያለው ደን በተመነጠረ ቁጥር ደግሞ ውሃውን የሚያዘገየው ነገር ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ የቡና ደን በዚሁ በጌባ ወንዝ አካባቢ ይገኛል። ስለዚህ የያዩ ገበሬ ዛፉን ሲጠብቅ የጋምቤላን ሕፃን ከተቅማጥ እየጠበቀ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

የአየሩ መሞቅስ? አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር ሊሸከመው የሚችለው እንፋሎት 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። የተሸከመውን ደግሞ አንድ ቀን ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. 2024 የዓለም አማካይ ሙቀት ከድሮው፣ ፋብሪካ ሳይበዛ ከነበረው ዘመን፣ ከ1.5 ዲግሪ በላይ የጨመረበት የመጀመሪያው ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል። ኢትዮጵያ ለዚህ ጭስ ያላት ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ይህ ግፍ ነው፤ መናገርም ተገቢ ነው። ነገር ግን ግፍ መሆኑን ማወቅ ውሃውን ከቤት አያስወጣም።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሰኔ 7 ቀን ከተማዋ በተኩስ ስትናወጥ ዋለች። ነሐሴ ላይ ደግሞ ባሮ ሞልቶ ወደ ሰፈር ገባ። በዚያ ክረምት በክልሉ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች በጎርፉ ተጎዱ ወይም ተፈናቀሉ። ውሃ መጀመሪያ የሚገባው መጸዳጃ ቤት ነው፤ ከዚያ ጉድጓድ፤ ከዚያ ጎተራ። ውሃው ሲሸሽ ኩሬ ይተዋል፤ ኩሬው ትንኝ ያፈላል። በሽታው በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚመጣው፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቅማጥ፣ ከሳምንታት በኋላ ወባ፣ ከወራት በኋላ ደግሞ የልጆች መክሳት። የመጨረሻው ድምፅ ስለሌለው ማንም አያስተውለውም። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የተስፋፋው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በመጀመሪያ የታየው ጋምቤላ ክልል ውስጥ ነበር። በ2017 ዓ.ም.ም ኮሌራ በክልሉ ሰዎችን ገድሏል።

ማስታገሻና ሕክምና

አንድ የስኳር ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ክኒን ይዞ ይመለሳል። ክኒኑን እየዋጠ ስኳር የበዛበትን ሻይ፣ ቅባቱንና ያለ እንቅስቃሴ መቀመጡን ከቀጠለ ክኒኑ ያታልለዋል እንጂ አያድነውም። ከዓመታት በኋላ እግሩና ዓይኑ ሲጎዳ «መድኃኒቱን አላቋረጥኩም እኮ» ይላል። እውነቱን ነው። አላቋረጠም። ያልቀየረው ኑሮውን ነው።

ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ያለን ነገርም እንዲሁ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ድንኳን፣ ስንዴና ዘይት፣ የውሃ ማከሚያ ኬሚካል ይታደላል። እነዚህ የሚያስፈልጉ ማስታገሻዎች ናቸው፤ ማንም እንዳይንቃቸው። ነገር ግን ጎርፉ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ የሚመላለስ ከሆነ፣ በየጊዜው ወደ ነበርንበት መመለስ ማለት ወደሚቀጥለው ጎርፍ መመለስ ማለት ነው። የዓለም መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ጥገናዊ ለውጥ እንደማይበቃ፣ በኃይል፣ በእርሻ፣ በከተማ አሠራርና በአመጋገብ ሁሉ ጥልቅና ፈጣን የሆነ የኅብረተሰብ ለውጥ እንደሚያስፈልግ አስታውቋል። ቃሉ ትልቅ ነው። ወደ ጓዳ ሲገባ ግን ጥያቄው ቀላል ይሆናል፦ ምን እንዘራለን? ምን እንበላለን? ምን እናነዳለን? መቼ እንሠራለን? ይህን ሁሉ አንድ ቤት ብቻውን ሳይሆን ሰፈሩ በሙሉ እንዴት ይቀይራል?

ከላይ የታዘዘ ለውጥ

«ለውጥ» ሲባል የጋምቤላ ሰው ቢጠራጠር አልፈርድበትም። ብዙ ለውጥ ታዝዞበታልና።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎንና ትግራይን ሲመታ የወቅቱ መንግሥት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ጋምቤላ አምጥቶ አሰፈረ። ከእነርሱ መካከል ብዙ የወሎ ሙስሊሞች ነበሩበት። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምር ነበር፤ እዚያ ዝናብ የለም፣ እዚህ መሬትና ውሃ ሞልቷል። ነገር ግን የደጋ ሰው አካል ወባን አያውቃትም። የደጋ በሬም የቆላ ዝንብ የሚያመጣውን ገንዲ አይችልም። ቦታው ባለቤት አልባ ተደርጎ ተቆጠረ እንጂ የአኝዋሃ ማኅበረሰብ አገር ነበር። ሰፋሪው ታመመ፤ ነባሩ ተገፋ። መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎቹ ሰፋሪዎች ጥለው ወጡ። ያ ለአየር ንብረት ችግር የተሰጠ ትልቅ የኅብረተሰብ ለውጥ ነበር። ስህተቱ ትልቅ መሆኑ አልነበረም፤ የሚለወጠውን ሰው አለመጠየቁ ነበር።

ሌላም አለ። ካሩቱሪ የተባለ የሕንድ ኩባንያ በክልሉ 100 ሺህ ሄክታር መሬት ተከራይቶ ሰፊ የበቆሎ እርሻ ጀመረ። ውሃ የሚከለክል የአፈር ግድብም ሠራ። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ግን ባሮ ሞልቶ በሺዎች በሚቆጠር ሄክታር ላይ የነበረውን በቆሎ ወሰደው። ኋላም ውሉ ተሰረዘ። የመሬቱ ሽማግሌዎች ውሃው የት እንደሚተኛ ያውቁ ነበር። በ2006 ዓ.ም.ም ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ለሸሹ ስደተኞች የተዘጋጀው የሌይቾር መጠለያ በክረምቱ በውሃ ተዋጠ፤ ስደተኞቹ በተከታዩ ዓመት ወደ ጀዊ ተዛወሩ።

አሁን ከእነዚህ ጋር የነባሮቹን አኗኗር አስተያዩት። አኝዋሃዎች ክረምት ሲወጣ፣ ውሃው ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ለሙን ደለል ተከትለው በወንዙ ዳር ይዘራሉ። ጎርፉ ለእነርሱ ማዳበሪያ የጫነ እንግዳ ነው። ኑዌሮች ደግሞ በክረምት ከፍ ወዳለው መሬት፣ በበጋ ወደ ወንዙ ከከብቶቻቸው ጋር ይዘዋወራሉ። ሁለቱም ወንዙን አልከለከሉትም፤ ኑሯቸውን በወንዙ አቆጣጠር አደረጉት እንጂ። ይህ ማለት ግን ድሮ የነበረው ሁሉ ይበቃል ማለት አይደለም። ጎርፉ ዛሬ ከለመዱት ልክ አልፎ፣ ጊዜውንም ስቶ ይመጣል፤ የእነርሱንም ጎተራ ይወስዳል። ዳሩ ግን ትምህርት የሚጀመረው ከሚያውቅ ሰው ነው።

ባንግላዲሽ ውስጥ የሆነ ነገር

ከላይ ያልታዘዘ፣ ግን ትልቅ የሆነ ለውጥ ይቻላልን? ይቻላል። ወንድሞቻችን ያሉበትን የባንግላዲሽን አገር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ የባሕር አውሎ ነፋስ እዚያ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን ገደለ። በ1991 የመጣው ሌላ አውሎ ነፋስ 138 ሺህ ያህል ገደለ። በ2007 ብርቱ የነበረው ሲድር ሲመጣ ግን የሟቾቹ ቁጥር 3 ሺህ 400 ገደማ ነበር። አንድም ነፍስ ቢሆን ብዙ ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱን እዩት። አገሩ አልበለጸገም፣ ነፋሱም አልደከመም። የተለወጠው ሰው ነው። በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ሠለጠኑ። ከፍ ያሉ መጠለያዎች ተሠሩ። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ደግሞ ከመስጊዶች ማጉያ ይነገር ነበር። አዛን የሚጠራበት ድምፅ ነውና ሰው ሰማው።

ከዚህ ዓምድ ጋር ይበልጥ የሚገናኘው ግን ሌላው ታሪካቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ብራክ የተባለው ድርጅት ሴት ሠራተኞችን ከቤት ወደ ቤት ላከ። ሥራቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እናቶች ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የጨውና የስኳር ውሃ በቤታቸው እንዲያዘጋጁ ማስተማር። ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤት ደረሱ። የሠራተኛዋ ክፍያ የሚወሰነው በጎበኘችው ቤት ብዛት አልነበረም፤ ሌላ ሰው በኋላ ሄዶ ሲጠይቅ እናቲቱ ምን ያህሉን እንዳስታወሰች ነበር። እኔ በጤና ትምህርት ዙሪያ ካነበብኩት ሁሉ ይህን የሚያህል ብልሃት አላየሁም። እኛ አገር ስብሰባ ላይ የተገኘው ሰው ተቆጥሮ ሪፖርት ይጻፋል፤ ምን ይዞ እንደሄደ ማን ጠየቀው?

አሠራሩን እናንተም ያዙት። ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለክ ያሉ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በደንብ ይሟሟል። ጨው አይብዛ፤ ቀምሳችሁት ከእንባ የባሰ ጨዋማ ከሆነ ድፉትና እንደገና ሥሩ። ጤና ኬላ ላይ ኦ.አር.ኤስ. ካለ እርሱ ይቀድማል፤ ለሕፃናት ከዚንክ ጋር ይሰጣል። የእናት ጡት አይቋረጥም። ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሰገራው የሩዝ ውሃ ከመሰለ ግን ቤት ውስጥ መቆየት የለም። በመንገድ ላይም እያጠጣችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ወደ ጓዳችን እንግባ

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። በአንድ ክረምት ጋምቤላ በነበርኩበት ጊዜ የምግብ መኪና ለቀናት ሳይመጣ ቀረ። የአንዲት እናት ቤት ገባሁ፤ የወሎ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸው እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው። «ልጄ፣ ቤት ውስጥ የሚበላ ጠፋ» አሉኝ። በዚያው ሰዓት ከደጃቸው አንዲት ልጅ ትኩስ ዓሣ በሽቦ አንጠልጥላ እየዞረች ትሸጥ ነበር። «ይኸው ዓሣ አለ አይደል እማማ?» ብላቸው ሳቁብኝ። «ዓሣ መቼ ምሳ ይሆናል? እንጀራ ከሌለ!»

እኔም ሳቅሁ፤ ግን ንግግራቸው ከአእምሮዬ አልወጣም። ሆቴል ስንገባ የዓሣ ጥብስ እንበላለን። ቤታችን ግን ዓሣ የመደበኛ ምግብ ማዕረግ አላገኘም። ለሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ ዓሣ እጅግ የቀለለ ሐላል ነው፤ ማረድ አያሻውም፣ «ማን አረደው?» የሚል ጥያቄም የለበትም። ባሮ፣ አልዌሮና ጊሎ በአገራችን በዓሣ ዓይነት ብዛት የታወቀው ተፋሰስ ወንዞች ናቸው። ዓሣ የተሟላ ፕሮቲን አለው። ትናንሾቹ ከነአጥንታቸው ደርቀው ተፈጭተው ሲበሉ ደግሞ ካልሲየም ይሰጣሉ። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ገንፎ ላይ አንድ ማንኪያ የደረቀ ዓሣ ዱቄት፣ በደንብ ተፈጭቶና ተነፍቶ፣ ቢጨመር ውድ ከሆነው የታሸገ የሕፃን ምግብ የሚያንስ አይመስለኝም። በጋምቤላ ሙቀት ዓሣ በሰዓታት ውስጥ እንደሚበላሽ ግን አትርሱ። ዛሬ የማይበላው ዛሬውኑ ተሰንጥቆ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ዝንብ እንዳይደርስበት በወንፊት ጨርቅ ተሸፍኖ ይድረቅ።

ወደ እንጀራው እንመለስ። የወሎ ቆላ ሰው የማሽላ እንጀራ እየበላ ነው ያደገው፤ አያቶቻችን ያውቁታል። ማሽላ ሙቀትንም ድርቅንም ይችላል፤ ለአጭር ጊዜ ውሃ ቢተኛበትም ከበቆሎ የተሻለ ይታገሣል። በአንድ ጊዜ ጤፍን እርግፍ አድርጋችሁ ተዉ አልልም፤ ልጆቹ ያምጹባችኋል። ከሦስት እጅ አንዱን ማሽላ በማድረግ ጀምሩ፤ ከዚያ እኩል ለእኩል፤ ከዚያ ማሽላው ይብዛ። ማሽላው ይሸክሸክና በልዝቡ ይፈጭ። አብሲቱን ከጤፍ ይልቅ ወፈር አድርጉት፤ እንጀራው እንዳይሰነጣጠቅ የሚያደርገው እርሱ ነው። በደንብ ይቡካ፤ መቡካቱ ሆድን ከማስማማቱም በላይ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት እንዲደርስ ይረዳል። የማሽላ እንጀራ ሲያድር ስለሚደርቅ የዕለቱን መጋገር ይሻላል።

እውነቱን ለመናገር ማሽላ በብረትና በካልሲየም የጤፍን ያህል አይደለም። ስለዚህ ብቻውን መተካት የለበትም። ከአጠገቡ ቅጠል ይኑር፤ ጎመን፣ አሉማ፣ የዱባ ቅጠል፣ የአደንጓሬ ቅጠል። ባሚያ በሙቀት የሚበቅል፣ የብዙ ሙስሊም ቤት የሚያውቀው ምግብ ነው። ሺፈራው፣ ማለት ሞሪንጋ፣ የቆላ ዛፍ ነው፤ አጥር ዳር ተተክሎ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ይቀነጠሳል። ከምግብ በኋላ ወዲያው ሻይ መጠጣት ብረቱን ስለሚያስቀር ለእርጉዝ ሴት ቢዘገይላት ይሻላል፤ በምትኩ ማንጎ ወይም ሎሚ ይቅደም። ማንጎ ደግሞ ጋምቤላ ላይ በወቅቱ ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ተቆርጦ በንጹሕ ቆጥ ላይ ቢደርቅ ለክረምት ልጆች የሚበሉት ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ አላልፍም። ጎርፍ የነካው ወይም በእርጥበት የሻገተ በቆሎና ኦቾሎኒ መርዝ ያፈራል፤ አፍላቶክሲን ይሉታል። ጉበትን ይጎዳል፤ ለጉበት ካንሰርም ምክንያት ይሆናል። ማጠብ፣ መቁላት፣ ማፍላት አያጠፋውም። «ያሳዝናል፣ ብክነት ነው» ተብሎ አራጋፊ ሰው አይብላው፤ ለዶሮም አይሰጥ። ብክነትን መከላከል ቀድሞ ነው፤ እህሉን በደንብ አድርቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ጎተራ ማስቀመጥ። የልጆችን ክንድም በክንድ ዙሪያ መለኪያ አስለኩ፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ አጣዳፊ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ይህን ምግብ የሚያመርቱልን፣ የሚያጠምዱልን፣ የሚሸጡልን በአብዛኛው የአኝዋሃና የኑዌር ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሰላም ሲደፈርስ መጀመሪያ የሚዘጋው ገበያ ነው፤ መጀመሪያ የሚራበውም በመኪና ተስፋ ያደረገው ነው። ከጎረቤት እናት ቁጭ ብሎ «ይህን ቅጠል እንዴት ነው የምትሠሩት?» ብሎ መጠየቅ ለሆድም ለሰላምም ይጠቅማል።

ሙቀቱና ጾሙ

በ2017 ዓ.ም. ረመዳን የገባው የካቲት 22 ቀን ነበር። የካቲትና መጋቢት ጋምቤላ ከሁሉ በላይ የምትግልበት ወቅት ነው፤ ከሰዓት በኋላ 40 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚሄድ ለተወሰኑ ዓመታት በበጋው ሙቀት ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የሥራ ሰዓት ነገር የሰፈር ጉዳይ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ ብቻውን «እኔ ቀትር ላይ አልሸከምም» ቢል እንጀራውን ያጣል። ነጋዴዎቹና ኮንትራክተሮቹ ተስማምተው ከባዱን ሥራ ከፈጅር በኋላና ከዐስር ወዲህ ቢያደርጉት ግን ማንም አይጎዳም። ሱሁር ላይ ጨው የበዛበት አይበላ፤ ውሃ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ተከፋፍሎ ይጠጣ እንጂ አንዴ አይጋት። ጾመኛም ይሁን ያልጾመ፣ ሰው በሙቀት ውስጥ ንግግሩ ከተደናገረ፣ ቆዳው ከጋለ፣ ከተንገዳገደ፣ የሕይወት አደጋ ነው። ጥላ ውስጥ አስገብቶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ እያራሱና እያራገቡ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ያሻል። በዚህ ሁኔታ ጾሙን መግደፍ የተፈቀደለት መሆኑን ዑለማዎቻችን ያስተምራሉ።

ቆርቆሮ ቤት ደግሞ ምድጃ ነው። የአኝዋሃን የሣር ጎጆ ንቀን ቆርቆሮ ያለበስነው እኛው ነን። ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ወይም የሸምበቆ ምንጣፍ ቢዘረጋ እንኳ ለእንቅልፍ ይረዳል።

መስጊዱ ምን ያድርግ?

የመስጊድ ኮሚቴዎች ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከ1 ሊትር ባነሰ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ይታወቃል። እኛ ቧንቧ ከፍተን እናወራለን። የውዱእ ውሃ ሳሙና የሌለው ስለሆነ በቦይ ወደ ጓሮ ቢመራ ፓፓያ፣ ሺፈራውና ጎመን ያበቅላል። እንዲህ ሲሆን የቆመ ውሃ አይኖርም፤ ትንኝም አይፈላም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የምዕራብ አካባቢዎች ናቸው።

ሌላም የማስበው ነገር አለ። ዘካተል ፊጥር የሚወጣው ከአገሩ ዋና ምግብ እንደሆነ እናውቃለን። ታዲያ የጋምቤላ ዋና ምግብ ምንድን ነው? ከ700 ኪሎ ሜትር የሚመጣው ጤፍ ነው ወይስ በደጃችን የሚበቅለው በቆሎና ማሽላ? ፍርዱን ለዑለማዎቹ ትቼ፣ ከአካባቢው ገበሬዎች በጊዜው የተገዛ ማሽላ በጀመዓው ስም በደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ለነሐሴ ምን ያህል ቤት እንደሚመግብ አስሉት።

ለዚህ የሚሆን ቦታ ለመምረጥ መሐንዲስ አያስፈልግም። በ2014ቱ ክረምት ውሃው በየሰፈሩ እስከ የት እንደደረሰ የሚያስታውሱ ሰዎች አሁንም አሉ። አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የአኝዋሃና የኑዌር ሽማግሌዎችም ተጠርተው፣ በመስጊዱ ግድግዳና በየቤቱ ምሰሶ ላይ ውሃው የደረሰበትን ቦታ በቀለም ያስምሩ። እህሉ ከዚያ መስመር አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። መጸዳጃ ቤቱም ከዚያ መስመር በላይ ይሠራ። የመስጊዱ ማጉያ የያዘው ልጅ ደግሞ ጎሬና መቱ ላይ የሚኖር አንድ ሰው ስልክ ቁጥር ይያዝ፤ እዚያ ቀንና ሌሊት ሳያባራ የዘነበ እንደሆነ ይደውልለት።